ዱቄት የሌለው ባጅያ፦ አበባ ጎመን፣ ዝኩኒና ኮኮናት በኦቨን

ድሬዳዋ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሻይ ብቻውን አይቀርብም። ፀሐይዋ ዘወር ስትል፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ መንገድ ዳር የዘይት ድስት ይጣዳል። ከጥራጥሬ ሊጥ የሚሠራው ባጅያ ይጠበሳል፤ ሳምቡሳ ይጠበሳል። እንግዳም የሚመጣው በዚሁ ሰዓት ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው አለ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ጋሼ ባጅያ በጣም ይወዳል። ባጅያ የሚሠራበት ጥራጥሬ በራሱ ክፉ ምግብ አይደለም። ችግሩ ባጅያ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ከሳምቡሳ ጋር፣ ከዳቦ ጋር፣ ከጣፋጭ ሻይ ጋር ነው የሚመጣው። ጨዋታው ሲደራ ደግሞ ስንት እንደበላ የሚቆጥር ሰው የለም።

ለዚህ ነው ይህን ምግብ የምሠራው። ቅርጹ እንደ ባጅያ ነው፤ ውስጡ ግን አትክልት ነው። ዱቄት የለውም። በዘይት አይጠበስም፤ ኦቨን ውስጥ ይበስላል። አንድ ነገር ላይ ግን አቋም አለኝ። ለስኳር ታማሚ ተብሎ በትንሽ ሳህን ለብቻው የሚቀርብ ምግብ አልሠራም። ጋሼም እንግዳውም ልጆቹም ከአንድ ትሪ ማንሳት አለባቸው። ያ እንዲሆን ምግቡ ለሁሉም መጣፈጥ አለበት።

እንዲጣፍጥ የሚያደርገው ደግሞ የቆላው ጣዕም ነው። ሎሚ፣ ኮኮናት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ።

መጀመሪያ ስለ ፍራፍሬው እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቆላ ጣዕም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የበሰለ ማንጎ ነው። 100 ግራም የበሰለ ማንጎ ውስጥ 15 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ፤ አብዛኛውም ስኳር ነው። አናናስ 13 ግራም፣ ፓፓያ 11 ግራም ገደማ አላቸው። ሙዝ 23 ግራም ገደማ ይደርሳል። እነዚህን ከአትክልቱ ጋር ቀላቅሎ መጋገር ጣፋጭ ነገር ያወጣል፤ ግን ዱቄቱን ያስወጣንበትን ምክንያት ያፈርሰዋል።

ሁመር ወይም ሮቃ የምንለው ፍሬም (ታማሪንድ) እንዲሁ ነው። ጎምዛዛ ስለሆነ ስኳር የሌለው ይመስላል። ሥጋው ግን ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ ጎምዛዛነቱ ጣፋጩን ይሸፍነዋል። በብርጭቆ በጥብጦ መጠጣትና በሻይ ማንኪያ ማባያ ውስጥ መጨመር አንድ አይደለም። እኔ የምጠቀመው በሻይ ማንኪያ ነው።

ጥሬ ማንጎ ከበሰለው ያነሰ ስኳር አለው። ስታርች ግን አለው፤ ሲበስል ወደ ስኳር የሚለወጠው እሱ ነው። ስለዚህ ጥሬ ነው ተብሎ እንደ ልብ አይበላም። ለጎምዛዛነቱ ጥቂት ፍቅፋቂ ይበቃል።

አቮካዶ ግን ለእኛ የተሠራ ፍሬ ነው። 100 ግራም አቮካዶ ውስጥ 9 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ቢኖርም 7 ግራም ያህሉ ፋይበር ነው። ፋይበር ደግሞ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ አይገባም። ማባያችን ከዚህ ይሠራል።

ዋናው መዓዛ የሚመጣው ከሎሚ ልጣጭ ነው። ሎሚ ስንገዛ ውሃውን ጨምቀን ልጣጩን እንጥላለን። ሽታው ያለው ግን እዚያ ልጣጭ ላይ ባለው ዘይት ውስጥ ነው። አንድ ሎሚ ወስዳችሁ ቆዳውን በጥፍራችሁ ቧጠጥ አድርጉትና አሽትቱ። ያ ሽታ ነው ምግቡ ውስጥ የምንፈልገው። ስኳር የለውም፤ ውሃም የለውም። ውሃ የሌለው መሆኑ ለምን እንደሚጠቅም ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ገበያ። የምጽፈው መጠን 24 ፍሬ ያህል ያወጣል፤ ለስድስት ሰው ይበቃል።

አትክልቱን ከቀፊራ ነው የምገዛው። በጠዋት መሄድ ይሻላል። ፀሐዩ ከጠና በኋላ አበባ ጎመን ይጠወልጋል፤ የተጠወለገ አበባ ጎመን ደግሞ ሽታው ይከብዳል። አንድ መካከለኛ አበባ ጎመን ምረጡ፤ ግንዱና ቅጠሉ ሲወጣ 600 ግራም ያህል የሚቀረው። ፍሬው እርስ በርሱ የተጠጋጋ፣ ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለው፣ ቡናማ ነጥብ ያልጀመረው ይሁን። አበባ ጎመን ከጠፋ ጥቅል ጎመን ይሠራል፤ በጣም አድቅቃችሁ ክተፉት።

ዝኩኒ ሁለት መካከለኛ፣ 400 ግራም ያህል። ትልቁን አትግዙ። ትልቅ ዝኩኒ ዋጋው ጥሩ ቢመስልም ውስጡ ፍሬና ውሃ ነው። ቆዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዝ ጠንከር የሚል ይሁን።

አበባ ጎመን በ100 ግራም 5 ግራም ገደማ፣ ዝኩኒ 3 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አላቸው። የተቀቀለ ድንች 20 ግራም አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ድንች እዚህ የሌለው፤ ሰው ለማጣበቂያ ትንሽ ድንች ጨምሪበት ቢለኝም አልጨምርም።

ኮኮናት ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ ሙሉው ፍሬ ነው። ስታነቃንቁት ውስጡ ውሃ መንቦጫቦጭ አለበት፤ ዝም ካለ ደርቋል ወይም ተሰንጥቋል። ሦስቱን ዓይኖቹንም እዩ፤ ሻጋታ ወይም እርጥበት ካለባቸው ተዉት። ሁለተኛው ተፈቅፍቆ የደረቀው ነው፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች በፌስታል ይሸጣል። ለዚህ ምግብ የምፈልገው ደረቁን ነው፤ 60 ግራም፣ ማለት 8 የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ያህል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ስኳር የተጨመረበትም አለ። ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ፤ ጽሑፍ ከሌለው ባለሱቁን ትንሽ ልቅመስ በሉት። ምላስ ላይ ወዲያው ከጣፈጠ ስኳር አለበት። ስኳር የሌለው ኮኮናት ካልታኘከ አይጣፍጥም።

ሙሉውን ፍሬ የገዛችሁ እንደሆነ ሥጋውን ፈቅፍቃችሁ በደረቅ መጥበሻ፣ በለስላሳ እሳት አመስ አድርጉት። ወርቃማ መልክ ሲጀምር አውጡት።

ኦቾሎኒ 80 ግራም፤ በእፍኝ ሁለት ትልልቅ እፍኝ ነው። እዚህ አገር የኦቾሎኒ ነገር ከተነሳ ባቢሌ ነው። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባቢሌ ለእኛ ጎረቤት ናት። የባቢሌን ኦቾሎኒ በማግኘታችን ዕድለኞች ነን፤ ጥሩ ይቆላል፣ ጥሩ ይሸታል። ግን በእጃችሁ ልቀሙት። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሻጋታ የነካው ፍሬ ካለ ጣሉት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ ደግሞ ስለተቆላ ብቻ አይጠፋም። አንዱን ስትቀምሱት ቢመራችሁ አትዋጡት። ለቤተሰብ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ መሰልቸት የለበትም።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እንቁላል ሦስት። ቀይ ሽንኩርት አንድ ትንሽ። ሎሚ አራት፤ ሁለቱ ለልጣጫቸው፣ ውሃቸውም ለማባያው። ዝንጅብል የአውራ ጣት ያህል። ነጭ ሽንኩርት አምስት ፍንካች፤ ሦስቱ ለሊጡ፣ ሁለቱ ለማባያዎቹ። ቃሪያ ሰባት፤ ሁለቱ ለሊጡ፣ አምስቱ ለማባያው፤ የሚያቃጥለውን ዓይነት። የድንብላል ቅጠል አንድ እስር። እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ከሙን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ። ጨው። ዘይት ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ለማባያው አንድ ትልቅ አቮካዶና ስኳር የሌለው የኮኮናት ወተት፤ ትንሿ ቆርቆሮ ትበቃለች።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ዋናው ሥራ ውሃ ማስወጣት ነው።

አትክልት አብዛኛው ነገሩ ውሃ ነው። ዝኩኒ ከመቶ ከ90 በላይ ውሃ ነው፤ አበባ ጎመንም እንዲሁ። ይህ ውሃ ኦቨን ውስጥ ከገባ መጀመሪያ የሚሆነው እንፋሎት መሆን ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ደግሞ የምግቡ ፊት ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ብዙም አያልፍም። ቡናማ ቆዳና የጥብስ ሽታ እንዲመጣ ግን ሙቀቱ ከዚያ በደንብ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ውሃው ካልወጣ ምግቡ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ዱቄት ያለው ባጅያ ይህ ችግር ያን ያህል የለበትም፤ ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል። እኛ ዱቄት ስለሌለን ውሃውን በእጃችን ማስወጣት አለብን።

ዝኩኒውን ከነቆዳው በመፈቅፈቂያው ትልቅ ቀዳዳ ፈቅፍቁት። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበት፣ በእጅ አሸት አድርጉትና ማጥለያ ላይ አስቀምጡት። ግማሽ ሰዓት ተዉት። ጨው ውሃውን ይስባል፤ ከሥር ጎድጓዳ ሳህን ካደረጋችሁ ስንት እንደሚወጣ ታያላችሁ። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልሉና ጨምቁት። በደንብ ጨምቁት። ክንድ እስኪዝል ነው የምላችሁ። ውሃው ጠብ ጠብ ማለቱን ሲያቆም ሻሹን ፍቱት፣ ዝኩኒውን በጣታችሁ በትኑት፣ እንደገና ጠቅልሉና ጨምቁት። ሁለተኛው ጭመቃ ላይ ምንም አይወጣም ብላችሁ ስታስቡ ይወጣል። 400 ግራም የነበረው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጨውም አብዛኛው ከውሃው ጋር ይሄዳል።

የጨመቃችሁትን ውሃ አትድፉት። ጨውና ቅጠል ቅጠል የሚል ጣዕም አለው። ማታ ለሾርባ ይሆናል፤ ያኔ ሾርባው ላይ ጨው ቀንሱ።

ለአበባ ጎመኑ ጨው አንጠቀምም። እሱን እሳት ነው የሚያደርቀው። ፈቅፍቁት፤ ሩዝ የሚያህል ፍርፋሪ ይሆናል። ብሌንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ደጋግማችሁ ቆም ቆም እያደረጋችሁ ፍጩት፤ ዝም ብሎ ከተፈጨ ሊጥ ይሆናል። ሰፊ መጥበሻ አግሉ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ በደቃቁ የተከተፈውን ቀይ ሽንኩርት ጣል አድርጉ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ አበባ ጎመኑን ጨምሩ። ክዳን አትክደኑ። እያማሰላችሁ 8 ደቂቃ ያህል አቆዩት። መጀመሪያ ይተናል፣ ቀጥሎ እንፋሎቱ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ መጥበሻው ሥር ትንሽ መያዝ ይጀምራል። ያኔ አውርዱት። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። ክምር አድርጋችሁ ከተዋችሁት የራሱ እንፋሎት መልሶ ያረጥበዋል።

ብዙ ሰው አበባ ጎመንን ቀቅሎ ነው የሚጀምረው። ለዚህ ምግብ መቀቀል ጥሩ አይደለም። እንዲወጣ የምንፈልገውን ውሃ መልሶ ያስገባዋል።

ኦቾሎኒውን እስከዚያው ድረስ ቁሉት፣ ገለባውን በእፍታ አስወጡትና ፍጩት። በሙቀጫ ከሆነ በጣም ጥሩ። በብሌንደር ከሆነ ሲቀዘቅዝ ነው መፍጨት፤ በድሬ ሙቀት ላይ ትኩስ ኦቾሎኒ ከተፈጨ ዘይቱ ቶሎ ይወጣና ቅቤ ይሆናል። የምንፈልገው ሸካራ ዱቄት ነው። ጥርስ ላይ ጥቂት ፍርካሽ ቢኖር እንዲያውም ደስ ይላል።

ኮኮናቱና ኦቾሎኒው የዱቄትን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ኮኮናቱ የቀረችውን እርጥበት ይመጥጣል፤ ኦቾሎኒው ክብደትና ስብ ይሰጣል፤ እንቁላሉ ይይዛቸዋል። ኮኮናት ግን የሚረጋ ስብ የበዛበት ነው፤ ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ካለ ኮኮናቱን በግማሽ ቀንሱና ኦቾሎኒ ጨምሩ።

በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ዝኩኒውን፣ አበባ ጎመኑን፣ ኮኮናቱን፣ ኦቾሎኒውን ቀላቅሉ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በደቃቁ ተፈቅፍቀው ይግቡ። ቃሪያው ፍሬው ወጥቶ ይከተፍ፤ ልጆች ካሉ አንዱ ይበቃል። የድንብላሉን ቅጠል ከነቀጭን ግንዱ ክተፉት፤ ጣዕሙ ግንዱ ላይም አለ። እርዱ፣ ከሙኑ፣ ቁንዶ በርበሬው። ከዚያ የሁለት ሎሚ ልጣጭ። በመፈቅፈቂያው ትንሽ ቀዳዳ፣ አረንጓዴውን ወይም ቢጫውን ብቻ። ነጩ ጋ ስትደርሱ አቁሙ፤ ነጩ መራራ ነው። የሎሚውን ውሃ እዚህ ውስጥ አትጨምሩ። ያን ሁሉ ስንጨምቅ ቆይተን ውሃ አንመልስም። ውሃው ለማባያው ይቀመጥ።

እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት ቅመሱት። ጨው ያነሰው ከሆነ አሁን ነው የሚስተካከለው። ዝንጅብሉና ሎሚው ጎልተው መሰማት አለባቸው። ምክንያቱም ኦቨን ውስጥ ጣዕም ይለዝባል።

ከዚያ ሦስቱን እንቁላል መታ መታ አድርጋችሁ ጨምሩና ቀላቅሉ። 10 ደቂቃ ተዉት፤ ኮኮናቱ እርጥበቱን ይጠጣል። አሁን አንድ እፍኝ ያዙና ጨበጥ አድርጉ። ቅርጹን ከያዘ ደርሷል። ጣት መካከል ውሃ ካንጠባጠበ አንድ ሁለት ማንኪያ ኮኮናት ጨምሩ። ከተፈረፈረ ሌላ እንቁላል ያስፈልገዋል።

በፆም ለምትሠሩ፣ በእንቁላሉ ፋንታ ተልባ ይሠራል። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጡና 10 ደቂቃ ተዉት፤ ይያያዛል። የተልባ ካርቦሃይድሬት ከሞላ ጎደል ሁሉም ፋይበር ነው። በተልባ የተሠራው ትንሽ ይለሰልሳል፤ 5 ደቂቃ ጨምሩለት።

ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ወይም እንግዳ ከሆነ ሳይጠየቅ አይቀርብም። በሱ ፋንታ የተፈጨ የሱፍ ፍሬ ይሁን።

ኦቨኑ 200 ዲግሪ ይሁን፤ አስቀድሞ ይሙቅ። ዲግሪ የማያሳየው ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ያላችሁ እንደሆነ 15 ደቂቃ ባዶውን አግሉት። ከዚያ አንድ ማንኪያ ደረቅ ኮኮናት በትንሽ ቆርቆሮ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። በሦስት አራት ደቂቃ ወርቃማ ከሆነ ሙቀቱ ደርሷል። ገና ስታስገቡት ከጠቆረ በዝቷል፤ ቀንሱና ትንሽ ጠብቁ።

ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፣ ዘይት ቀቡ። ሊጡን በሾርባ ማንኪያ ሞላ አድርጋችሁ አንሱና በእጃችሁ አድቦልቡሉት፤ ከዚያ ከላይ ጫን አድርጉት። የጣት ውፍረት ይበቃዋል። ሙሉ ኳስ ከሆነ ውጪው ሲጠቁር ውስጡ እንቁላል እንቁላል ይላል። በመካከላቸው የሁለት ጣት ክፍተት ተዉ። ከተጠጋጉ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። አንድ ትሪ ካልበቃ ሁለት ጊዜ ጋግሩ፤ አታጨናንቁት። ከላይ የቀረውን ዘይት በብሩሽ ቀቡ።

18 ደቂቃ ላይ ገልብጡ። በዝርግ ማንኪያ ከሥር ግቡበት። ከወረቀቱ አልላቀቅ ካለ ገና ነው፤ ሁለት ደቂቃ ጨምሩና መልሳችሁ ሞክሩ። ከገለበጣችሁ በኋላ ሌላ 10 ደቂቃ። ጠርዙ ቡናማ፣ መሐሉ ወርቃማ ሲሆን አውጡ። 5 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ገና ከኦቨን ሲወጣ ለስላሳ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

ኦቨን የለኝም የምትሉ አትተዉት። ድፎ ዳቦ በከሰል የምንጋግርበት መንገድ ይሠራል፦ ከታች ፍም፣ ከላይ ፍም። ምጣዱን በዘይት ቀቡ፣ ፍሬዎቹን ደርድሩ፣ በብረት ምጣድ ወይም በወፍራም ቆርቆሮ ክደኑ፣ ከላይ ፍም አድርጉ። የላይኛው ፍም ከታችኛው ይብዛ፤ የታችኛው ከበዛ ሥሩ ያርራል። የሙዝ ቅጠል ካገኛችሁ ከሥር አንጥፉት፤ ሽታው ከኮኮናቱ ጋር በጣም ይስማማል። ቅጠሉ ግን እርጥበት ይይዛል። ስለዚህ ፍሬዎቹ ጠንከር ሲሉ ቅጠሉን አውጡና ለመጨረሻው 5 ደቂቃ ምጣዱ ላይ በቀጥታ አስቀምጧቸው። ክዳኑንም በየመሐሉ ገርበብ አድርጉ፤ እንፋሎቱ ይውጣ።

መብራት የሚሄድበት ቀን ከሆነ ደግሞ ትሪውን ይዞ ሰፈር ዳቦ ቤት መሄድ አለ። ለበዓል ድፎ የሚወስድ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። የዳቦ ቤት ምድጃ ከቤት ኦቨን ይልቅ ይግላል። እዚያው ቆማችሁ ጠብቁ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ማየት ጀምሩ።

ማባያው እስከዚያ ይሠራል። ሁለት ዓይነት ነው የማቀርበው። አንደኛው አቮካዶ ነው። ሥጋውን በሹካ ዳምጡት፣ የሁለት ሎሚ ውሃ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ወተት። አቮካዶ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ሎሚው ያዘገየዋል። ጥሬ ማንጎ ካለ አንድ ማንኪያ ፍቅፋቂ ከላይ ጣል አድርጉ።

ሁለተኛው የሚያቃጥለው ነው፤ ሶማሌዎች ባስባስ ከሚሉት የተቀዳ። አምስት ቃሪያ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል፣ የቀሩት ሁለት ሎሚዎች ውሃ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ወተት፣ ጨው። ሁሉም አብሮ ይፈጭ። እዚህ ላይ ነው አንድ የሻይ ማንኪያ ሁመር የማስገባው። ሳህን ሙሉ ላይ ስለሚከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ኢምንት ነው፤ ጣዕሙን ግን ያጎለምሰዋል። የኮኮናቱ ወተት ቃሪያውን ያለዝበዋል፤ ስለዚህ ቃሪያውን አትፍሩት። ከሱቅ የተገዛ ጣፋጭ ካቻፕ ግን ከዚህ ትሪ ጋር አታቅርቡ። ስኳር አለበት።

እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ በእኔ ስሌት ከ3 እስከ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ፤ ከዚያ ውስጥ 1.5 ግራም ያህሉ ፋይበር ነው። አምስት ፍሬ ቢበላ ከ20 ግራም አይበልጥም። 100 ግራም የሚመዝን የስንዴ ዳቦ ውስጥ 50 ግራም ገደማ አለ። ጋሼ አምስት ይበላል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

ይህን ግን ልብ በሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው፣ የካርቦሃይድሬቱን መጠን ድንገት ከቀነሰ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ የተመጠነው በለመደው ምግብ ልክ ነው። የዕለት ምግቡን በዚህ መልክ የሚቀይር ሰው አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ግራ ከተጋባ ደግሞ ይህ ምግብ አያድነውም። ቶሎ ስኳር የሚሰጥ ነገር ነው የሚያስፈልገው፤ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ጭማቂ። ስኳሩ የወረደ ሰው ፊት የአትክልት ሳህን አይቀርብም።

ስለ አቀማመጥ። የእኛ ከተማ ሙቀት ለኮኮናት ወተትና ለእንቁላል አይመችም። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ማባያውም ፍሬዎቹም ከአንድ ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ አይቆዩ። ማባያውን በትንሽ በትንሹ አውጡ፤ ሲያልቅ ከፍሪጅ ጨምሩ። የተጋገረው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ስታሞቁት በኦቨን ወይም በደረቅ መጥበሻ ይሁን፤ ማይክሮዌቭ ያለሰልሰዋል። ሐረር ያሉ ዘመዶቼ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ውጪ ያሳድሩታል፤ እኔ እዚያም ፍሪጅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጠዋት ቀድማችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ዝኩኒውን ጨምቃችሁ፣ አበባ ጎመኑን አምሳችሁ፣ ለየብቻ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ኦቾሎኒውም ይፈጭ። እንቁላሉና ጨዉ ግን መጋገር ስትጀምሩ ይግቡ። ተቀላቅሎ ያደረ ሊጥ ውሃ ይለቃል፤ ጠዋት ያሳለፋችሁት የጭመቃ ድካም በሙሉ ከንቱ ይሆናል።